ጎመን የሚበላው ጅብ

ልጆችን የሚያስፈራ መጽሐፍ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ የሕፃናትን መጻሕፍት የሚመርጠው ማሽን ነበር። ማሽኑ በመረጣቸው ተረቶች ውስጥ ጅብ የሚበላው ጎመን ነው፤ አህያም የልብ ወዳጁ ናት።

አንድ ቀን ሲመሻሽ ትርሲት ከጓዳ ብቅ ስትል፣ የአራት ዓመቷ ልጇ ሶልያና የግቢውን በር ከፍታ ደጅ ለቆመ ጅብ ጎመን ዘርግታለታለች።

«እንካ አያ ጅቦ፣ ብላ!»

ትርሲት ልጇን ነጥቃ በሩን ጠረቀመችና፣ ዘር የሌለውን ማሽን እስከ ሰባት ትውልዱ ረገመችው።

በማግስቱ ደብቃ ያኖረችውን አሮጌ የተረት መጽሐፍ አውጥታ አነበበችላት። ጅቡ አህያዋን ሲዘነጥላት ሶልያና ጮኻ አለቀሰች። ትርሲት ደንግጣ መጽሐፉን ልትዘጋው ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ጆሮዋንስ?»

«እሱንም በላው፣ የኔ እናት።»

ሶልያና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በይ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ!»