አባዬን ለልጁ

እሁድ ስለነበረ ሜላትና ነፍሰ ጡሯ እህቷ ፍሬሕይወት ለአራስ ቤት ገንፎ የሚሆነውን ገብስ ሲለቅሙ፣ አሮጌ አንሶላ ለሕፃኑ ጨርቅ ሲቆርጡ፣ በዚያው ኮሜዲ እያዩ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ዋሉ። የቀራቸው ቀበቶው ብቻ ነበር። መቼም ዘንድሮ ጭንቅላቱ ባዶ ሆኖ የሚወለድ ልጅ የለም፤ እናት ቀበቶውን ሆዷ ላይ ታስርና ከምታውቀው አንድ ነገር ለልጇ ትሰጣለች። የሰጠችው ግን ከእሷ ጭንቅላት ወጥቶ ይቀራል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች የማባዛት ሰንጠረዥ ሰጥታ፣ ይኸው የሦስት ዓመት ልጇን ሒሳብ እንዲያሰላላት ገበያ ለገበያ ይዛው ትዞራለች።

"እንግሊዝኛሽን ስጪው፣ ድሮም አልሆነልሽም" አለች ሜላት።

"ዝም በይ አንቺ! አባዬን ነው የምሰጠው።"

የሜላት ሳቅ ቆመ። አባታቸው ከሞተ ገና ዓመቱ ነው።

"አብደሻል? አንቺስ?"

"ታዲያ ልጄ አያቱን በምን ይወቀው? እኔ እንደሆነ አንቺ አለሽልኝ፤ ትነግሪኛለሽ።"

ቀበቶውን አስራ፣ በሠርጓ ቀን አባቷ ሲጨፍር የተቀረፀውን ቪዲዮ ከፈተች። ሲያልቅ ቀበቶውን እየፈታች "ሽማግሌው ግን ሲችልበት! ማነው?" አለች።

ሜላት ቀበቶውን ተቀበለቻት።

"አባታችን ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲቀሰቅሰን…" አለችና ድምጿን ጎርነን አድርጋ "ተነሱ እናንተ ንግሥቶች፣ መኪናው ሞላ!" አለች።

ፍሬሕይወት ሆዷን ያዝ አደረገች።

"ውይ! ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚራገጠው?"

"አውቆት ነው" አለች ሜላት።