ማሞቂያ ያላት ቤት

«እኛ የምንወደው ይችን ነው፤ ይችን ሥራልን» አሉ እማማ ወለተ ሐዋርያት፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ሥዕል በምርኩዛቸው ጫፍ እየነኩ።

የመሐንዲሱ የእንዳላማው እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እማማ የነኩት ከሁለቱ ቤቶች የግራውን ነው። እዚህ አምበር ከተማ ላይ የሚሠራው የቀኙ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ።

የግራውማ ማነጻጸሪያ ነው። የአረንጓዴ ሕንጻ የምስክር ወረቀት ለማግኘት መጀመሪያ አንድ ተራ ቤት በኮምፒውተር ይፈጠራል፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይገጠምለትና ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ይሰላል። ከዚያ የእውነቱ ቤት ከእሱ ስንት እንደሚቆጥብ ይታያል። እንዳላማው ከምስክር ወረቀቱ መመሪያ መርጦ ለማነጻጸሪያው የገጠመለት ሆዳሙን ማሞቂያ ነው፣ ክፍሉን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ የሚያግለውን። ለእውነቱ ቤት ምንም አልገጠመለትም። የማይሞቅ ቤት ደግሞ መብራት አይበላም፤ ቁጥሩ እንደ ጉድ አማረ። የቤቱን ወጪ የሚሸፍኑት ለጋሾችም ቁጥሩ ካላማረ ቤቱን አንሠራም ብለዋል።

ይህንን ሁሉ ሲያስረዳ ሰዉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰምቶታል። ለካስ ከሁለቱ ምረጡ የተባሉ መስሏቸው ኖሯል!

«ይችኛዋ ሌሊቱን ሙሉ ትሞቃለች አላልህም?» አሉ እማማ።

«ብያለሁ እማማ፣ ግን...»

«እንግዲያ ምኑ ይመረጣል! የእኛን ሐምሌ የማያውቅ ነው ሌላዋን የሚወድ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የሕንጻ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ገዳሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጃችን እኮ ነው» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። «እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። አዲስ አበባ ገባሁ ብሎ ብርዳችንን አልረሳም። ማሞቂያ ይዞልን መጣ! እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጄ።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ከኋላ አንዷ እልል አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ብርዱንማ መች አጣው፤ አጥንት ሰብሮ የሚገባውን የአምበርን ብርድ። ግን እዚያ ቢሮው ተቀምጦ ማሞቂያውን ለሌለ ቤት ሲሰጥ አንዲት እናት እንኳ ትዝ አላለችውም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ይች ቤት አትሠራም። የለችም። ለማወዳደሪያ ብቻ ነው የሣልኋት።»

እልልታው ተቋረጠ።

ፊት ለፊቱ አግዳሚው ላይ የኔአለም ተቀምጣለች፤ ወሯ ገብቷል። «እና ማሞቂያው ለማን ነው?» አለች።

«ለማንም።»

«ሰው ለማይተኛባት ቤት?»

«አዎ።»

«ለእኛስ ቤት ብታደርገው?»

«ካደረግሁ ቁጥሩ ይወድቃል። ከወደቀ ደግሞ ለጋሾቹ ጥለውን ይሄዳሉ» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ።

ስድብ ጠበቀ። ቢሰድቡት በተሻለው! እማማ ወለተ ሐዋርያት ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡና አዘኑለት።

«አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉት። «ጋቢያችንን ይዘን እንመጣለን። ድሮስ መቼ ሞቆን ወለድንና!»

«እንዴታ!» አሉ ሴቶቹ። «ቤቱ ብቻ ይሠራልን!»

አንተ ምን ታደርግ! እሱ እኮ ነው የመረጠው፣ ማንም አላስገደደውም። መመሪያው ውስጥ ሌላ ማነጻጸሪያ ነበር። በእሱ የእውነቱን ቤት ግድግዳ አወፍሮ፣ ቆርቆሮውን ከሥሩ ደህና ኮርኒስ አልብሶ፣ ትንሽ ማሞቂያም ጨምሮ ቁጥሩን ማሳመር ይቻል ነበር። ስሌቱን እንደ አዲስ መጀመር ታከተውና ተወው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አሁን እንኳ ይህንን ለመናገር አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«እንግዲያው በቀኟ ቤት የተስማማችሁ» አሉ መሪጌታ፣ የቅድሙ ደስታ ከፊታቸው ጠፍቶ፣ «እጃችሁን አውጡ።»

እጆች ተነሡ። የኔአለምም አነሣች፤ በሌላው እጇ ነጠላዋን ሆዷ ላይ እየሰበሰበች። እንዳላማው ሲያያት ፈገግ አለችለት፣ እንዳይከፋው ብላ።

ያን ጊዜ ነፋሱ በሩን በርግዶ ገባ። ሰዉ ሁሉ ኩርምት አለ። እንዳላማው ሳያስበው የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበው። ቀና ቢል የኔአለም ጃኬቱን እያየች ነው። ዚፑን መልሶ ሊያወርደው ታገለ፤ ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘው እምቢ አሉት።