ሰፊዋ ተማሪ

ሙሽራዋ በሩን ስትከፍት ኮሪያዊቷ የባሏ እናት ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። የሙሽራዋ ልብስ ሰፊ እናት ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ መጣች። ከወገቧ ዝቅ ብላ በኮሪያኛ ሰላምታ «አንኒዮንግሃሴዮ» ስትል፣ ያ የስድሳ ዓመት ምላስ አንዴም አልተደናቀፈም። ሙሽራዋ በኩራት ልቧ ሞላ።

እናት ቀጠለች። «ጆነን ሃክሴንግ ኢምኒዳ።»

ተማሪ ነኝ ማለቷ ነው። ሙሽራዋ ክው አለች። ያ የኮሪያኛ መማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምሳሌ ነበር፤ «ልብስ ሰፊ ነኝ» የሚለውን ስንት ቀን አስጠንታታለች!

«እማዬ፣ ተሳሳትሽ እኮ!» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምን እሳሳታለሁ!» አለች እናት ጎንበስ እንዳለች። «ልብስ ሰፊነቴንማ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ሲለብሱ ያዩታል። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ መሆኔን ግን እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል?»