የማንኪራ ማር ጨረታ

አጫራቹ የማሩን ባልዲ ከፍ አደረገ። "ለቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ የተሰጠ የማንኪራ ጫካ ማር! ስምንት መቶ ብር፣ አንደኛ!" ዋጋውን የጠሩት ነጋዴ ፈገግ አሉ፤ ገበያ ላይ እጥፉን ያወጣል። የሚጨምር ጠፋ። "ስምንት መቶ፣ ሁለተኛ!"

"ሁለት ሺህ!" አለች ከሴቶቹ መሐል አንዷ። ማሩን ለበኩራት ያመጣችው ራሷ ነበረች።

ነጋዴው ዞሩ። "እንዴ እትዬ! የራስዎን ማር ሊገዙ?"

"ከሰጠሁት ወዲያ መች የእኔ ሆነና፣ ጋሼ?" አጫራቹ ሦስተኛውን ጠርቶ ሲዘጋላት የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፤ ብሩን ለገንዘብ መሰብሰቢያ በተዘቀዘቀው ጥላ ውስጥ አኖረችና ባልዲውን ተረከበች። ሰዉ ይዛው ትሄዳለች ብሎ መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን መልሳ ለአጫራቹ አቀበለችው።

"አሁንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ። በል ወንድሜ፣ እንደገና ጥራው፤ ጋሼ አሁን ይጨምራሉ።"