የተዛወረ ጥም

በመኳንንት ልጅ ክርስትና ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ የመኳንንት ታላቅ እህት ስንዱ እየተንገዳገደች ገባች። አፏ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሕፃኑን ልትታቀፍ እጇን ስትዘረጋ የመኳንንት ሚስት ፍሬሕይወት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ይቅርታ እትዬ፣ እንዳትጥይው እፈራለሁ።»

ስንዱ ወንድሟን አየችው። እሱ አቀርቅሮ የያዘውን ሳህን ማየት ጀመረ።

ፍሬሕይወትን ከማወቁ በፊት፣ ከየቦዩ እየተነሳ ቤቱ የሚገባው ሰካራም እሱ ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የሱስን ጥም ከአንጎል አውጥተው መጣል አልቻሉም፤ ወደ ፈቃደኛ የሥጋ ዘመድ አንጎል ማዛወር ግን ችለው ነበር። ጠላ እንኳ ቀምሳ የማታውቀው ስንዱ «እኔ እችለዋለሁ» ብላ ተቀበለችለት። ለማንም እንዳይናገርም አስማለችው።

አሁን የዘረጋችውን እጇን ሰብስባ ወጣች። መኳንንት ተከትሎ የውጭው በር ላይ ደረሰባት።

«እታለም፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሂድና ለኔ ይመልሱልኝ።»

«ከዚያ ልጅህን ማን ያሳድገዋል? ይልቅ ግባ፤ እንግዶችህ ይጠብቁሃል» አለችና ኮሌታውን አስተካከለችለት።

ሲመለስ የሚስቱ አባት አንድ መለኪያ አረቄ አቀበሉት። ድሮ ሽታው ብቻ ያስጎመጀው የነበረው መጠጥ አሁን ከውሃ አልተለየበትም። ሳይቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እንዲህ ነው ጨዋ! ምነው እህቱም ከሱ በተማረች» አሉ ሽማግሌው።

«ምን አለችህ?» ስትል ፍሬሕይወት ጠየቀችው።

«ምንም» አላት፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።