የምናለሽ ተራው ካሜራ

እኔ ሐሜት አልወድም፤ ስሟንም አልጠራም። ጎረቤቴ ናት፤ በሁዳዴ ማን ጾም ገደፈ እያለች የኛን አፍ ስታሸት ነው የምትውለው። ባሏ በዚሁ ሁዳዴ ከምናለሽ ተራ ሳጥን የመሰለ የጥንት ካሜራ በርካሽ ገዛ፤ አንገት ደፍተው ከላይ ነው የሚያዩበት። ጎኑ ተሰንጥቆ ብርሃን የሚያስገባበትን ቦታ በጥቁር ጨርቅ ደፈነ፣ ሌንሱን ወለወለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቆርቆሮ ፎቶ ካላነሳ ለቆራሌ ነው የምሰጠው!» አለችው።

እሱ ግቢው መሀል ቆሞ ሳጥኑ ላይ አቀረቀረ። እሷ አሁንም ብልሽቱን የሚፈልግ መስሏታል።

ፊልሙን አሳጥቦ ሲመጣ ሁላችንም ከበብነው። ፎቶው ጥርት ብሏል፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ እሷ ቆማ፣ የተቀቀለ እንቁላል በግማሽ ጎርሳለች።

«አይሠራም አላልኩህም?» አለች። «በል ቆራሌውን ጥራልኝ!»