የምንትዋብ ሾጣጣ ጥርስ

በዚያ ዘመን ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ጥርስ የሚያስተካክል ጠብታ ስለሚወስድ፣ የልጆች የፊት ጥርስ አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር የሚበቅለው። በአቶ ቸኮል ቤት ሦስቱ ታላላቅ ልጆች ጠብታውን ወስደዋል። የተገመጠ ዳቦ ሲገኝ የማን እንደሆነ እናታቸው እንኳ መለየት አትችልም።

የትንሿ የምንትዋብ ተራ ሲደርስ አባቷ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ ሲስተር የሺመቤት የጥርሷን ራጅ አይታ፣ «ጠብታውን ካልወሰደች አንዱ ጥርሷ ሾጣጣ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ልክ እንደ እርስዎ» አለች። አቶ ቸኮል አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«አባዬ፣ ጥርስህ ያምሃል?» አለች ምንትዋብ።

«ኧረ አያመኝም።»

«ቆሎ ይሰብራል?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ለኔም እንዳንተው ይብቀልልኝ።»

«ይስቁብሻል እኮ ልጄ። በእኔም ሲስቁብኝ ነው የኖሩት።»

«ይሳቁ! አብሬያቸው እስቃለሁ።»

አቶ ቸኮል በሃምሳ ዓመታቸው ያላገኙትን ድፍረት ከልጃቸው አፍ ሰሙ። ሲስተርን አመስግነው ጠብታውን መለሱ።

በሁለተኛው ዓመት ጥርሷ ወጣ። ሲስተር የሺመቤት ልታየው ብላ ቤት ድረስ መጣች። ምንትዋብም እስከ ድዷ ሳቀችላት። ለስንት ሺህ ልጆች ጠብታ የሰጠችው ነርስ ጎንበስ ብላ ሾጣጣዋን ጥርስ ተመለከተች።

«እስኪ ሳቅሽን አንዴ ድገሚልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።